ፍሪጁ ሲከፈት የት ይደርሳል?

ላዩ ግራና ቀኝ የሚከፈት ሁለት በር፣ ታቹ ተስቦ የሚወጣ ፍሪዘር ያለው ሰፊ ፍሪጅ በአዲስ አበባ የቤት ዕቃ መሸጫዎች ፊት ለፊት የሚቆም ዕቃ ሆኗል። ሻጩም ገዢውም ‹‹ፍሬንች ዶር›› ይሉታል። አዲስ ቤት የገባ፣ ትዳር የመሠረተ፣ ከውጭ ዘመድ ገንዘብ የላከለት ሁሉ ዓይኑ እዚያ ላይ ያርፋል። ሱቅ ውስጥ የሚነሱት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፤ ዋጋው ስንት ነው፣ ስንት ሊትር ይይዛል፣ ዋስትናው የስንት ዓመት ነው። ጠንቃቃው ገዢ ደግሞ ሜትር ይዞ ይመጣና ወርዱንና ቁመቱን ለክቶ፣ ቤት ካለው ባዶ ቦታ ጋር አስተያይቶ ይገዛል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይህ ጥንቃቄ ራሱ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ነው የሚል ነው። የሚለካው ተዘግቶ የቆመ ፍሪጅ ነውና። ቤተሰቡ ለሚቀጥሉት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት አብሮት የሚኖረው ግን በቀን ብዙ ጊዜ ከሚከፈት፣ መሳቢያው ከሚሳብ፣ ሰው ፊቱ ከሚቆምና ከሚያጎነብስ ፍሪጅ ጋር ነው። ፍሬንች ዶር ደግሞ ከየትኛውም ዓይነት በላይ በዚህ ልክ መመዘን አለበት፤ በሮቹ ከፊት ለፊት የሚቆጥቡትን ቦታ ወርዱና መሳቢያው መልሰው ይወስዱታል።

ይህ ማሽን ለየትኛው ቤት ታስቦ እንደተሠራ ማወቅ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በአሜሪካ ቤት ሲሠራ በካቢኔቶቹ መካከል ለፍሪጅ የሚሆን ክፍት ቦታ አስቀድሞ ይተዋል። በብዛት የሚተወው ክፍተት ወርዱ 36 ኢንች ነው፤ ይህም 91 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ፋብሪካዎቹም ዋናውን የፍሬንች ዶር ዓይነት የሚሠሩት በዚሁ ልክ ነው። ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከ173 እስከ 180 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከነበሩና ከነእጀታው ከ80 እስከ 92 ሴንቲ ሜትር፣ ይዘቱ ደግሞ 700 ሊትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ቀጠን ያለ ዓይነትም አለ። ሳጥኑ ከካውንተሩ ጠርዝ ጋር እኩል እንዲቆም ተብሎ 61 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆንና በሩና እጀታው ሲጨመሩበት ከ70 እስከ 78 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ ይዘቱም ወደ 600 ሊትር ዝቅ ይላል። እዚያ አገር ይህን ፍሪጅ የሚገዛ ሰው ክፍተቱን አይፈልግም፤ ክፍተቱ ፍሪጁን እየጠበቀ ነው። እኛ ዘንድ የብዙ ኩሽናዎች ፕላን ላይ የፍሪጅ ቦታ ከናካቴው አልተሳለም። ፍሪጁ ይገዛና ከተገዛ በኋላ ቦታ ይፈለግለታል።

ዕቃውን ማጣጣል አልፈልግም፤ ጥሩ የተባለበት ምክንያት አለው። ወርዱ 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለአንድ በር ፍሪጅ ሲከፈት በሩ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይወጣል። የ91 ሴንቲ ሜትሩ ፍሬንች ዶር ለሁለት ስለተከፈለ እያንዳንዱ በር ከ45 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይዘልም። ወርዱ የሰፋው ማሽን በሩ ያጠረ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ጥቅሙ ከላይ ያለው ክፍል በግድግዳ አለመከፈሉ ነው። ግራው በሙሉ ፍሪዘር፣ ቀኙ በሙሉ ፍሪጅ የሆነው ዓይነት ለሁለት ስለሚሰነጠቅ ሰፋ ያለ ትሪ አይገባበትም፤ ፍሬንች ዶሩ ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ መደርደሪያ ነው። ሦስተኛው፣ በየቀኑ የሚነካው አትክልት፣ ወተትና የተረፈ ወጥ በዓይንና በደረት ትይዩ መቀመጡ ነው። ጉልበቷ ለሚያማት እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እነዚህ ጥቅሞች እውነተኛ ስለሆኑ ነው ጉዳዩ በጥንቃቄ መታየት ያለበት።

ወደ እኛ ኩሽና እንምጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ለአዲስ አበባ መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ያለው ነዋሪ የተለመደ ያደረገው የቤት መጠን አለ፤ በመጀመሪያው ዕቅድ ባለሁለት መኝታው ቤት ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር ነበር የታሰበው። ከዚህ ውስጥ ለኩሽና የሚተርፈው ጥቂት ነው። እንጀራ መጋገሩም፣ በግ ማረዱም ግቢ ውስጥ ባለው የጋራ ሕንፃ ይከናወናል ተብሎ ስለታቀደ የቤቱ ኩሽና ሻይ ለማፍላትና ወጥ ለመሥራት የሚበቃ ብቻ ተደርጎ ተሠራ። ኑሮው ግን በዕቅዱ አልሄደም። ብዙው ቤተሰብ የኤሌክትሪክ ምጣዱን፣ ምድጃውን፣ ፍሪጁንና የውኃ በርሜሉን እዚያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ በግል አልሚዎች የተሠሩት አፓርታማዎች ሰፋ ቢሉም ብዙዎቹ ኩሽናዎች ረዘም ብለው የጠበቡ፣ ካውንተሩ በአንድ ግድግዳ የተዘረጋባቸው ናቸው።

እንግዲህ ሒሳቡን በአንድ ምሳሌ እንሥራው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 160 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩሽና ይኑር። ፍሪጁ በካውንተሩ መስመር ቆሟል። ጥልቀቱ 68 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ባለአንድ በር ፍሪጅ ከጀርባው 5 ሴንቲ ሜትር ትተን ብናቆመው ፊት ለፊቱ 87 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። ባለ70 ሴንቲ ሜትሩ በር ዘጠና ዲግሪ ሲከፈት በበሩ ጫፍና በማዶው ግድግዳ መካከል የሚቀረው 17 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ማንም አያልፍበትም። ቀጠን ያለውን ፍሬንች ዶር፣ ጥልቀቱ 75 የሆነውን፣ በዚያው ቦታ ብናቆመው ፊቱ 80 ሴንቲ ሜትር ይቀራል፤ አንዱ በር ሲከፈት 35 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። ሰው በጎኑ ሆኖ ያልፋል። እስከዚህ ድረስ ፍሬንች ዶሩ አሸንፏል፤ ሱቅ ውስጥ የሚነገረውም እስከዚህ ያለው ነው።

አሁን የታችኛውን መሳቢያ እንሳበው። የቀጭኑ ፍሪጅ መሳቢያ በደንብ ሲወጣ 45 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ወደ ፊት ይመጣል፤ የጥልቁ ደግሞ ከ50 በላይ ሊሄድ ይችላል። በቀጭኑ ፊት ለፊት የሚቀረው 35 ሴንቲ ሜትር ነው። በር ሲከፈት ሰው በሩ በሌለበት በኩል ሊቆም ይችላል፤ መሳቢያው ግን 91 ሴንቲ ሜትር ሙሉ ወርዱን ይዞ ነው የሚወጣው፤ መተላለፊያውን በሙሉ ይዘጋዋል። ከዚያም በላይ መሳቢያ ቆመው የሚጠቀሙበት ነገር አይደለም። ሥጋው ከታች፣ በርበሬውና ቅቤው ከላይ ተደርድሮበታል፤ ከሥር ያለውን ለማውጣት ማጎንበስ፣ የላይኛውን ማንሳት፣ ያነሱትን አጠገብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በ35 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ወደ ፊት ማጎንበስ አይቻልም፤ ከጎን ሆኖ ወገብን አጣምሞ መጎተት ብቻ ነው የሚቻለው። ሙሉ ጥልቀት ያለውን፣ 90 ሴንቲ ሜትሩን፣ በዚህ ኩሽና ውስጥ ካቆምነው ደግሞ ፊቱ 65 ሴንቲ ሜትር ቀርቶ መሳቢያው ሲሳብ የሚተርፈው 15 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለው ፍሪጅ ፍሪዘሩ ግማሽ ድረስ ብቻ እየተሳበ ዕድሜውን ይጨርሳል። ለዚህ ነው መሳቢያው ከበሮቹ በፊት መለካት አለበት የምለው። መሳቢያው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ከፊቱ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ካልቀረ ያ ኩሽና ለዚህ ዕቃ አይሆንም።

የጎኑ ጉዳይም አለ። በብዙ ኩሽናዎች ለፍሪጅ የሚቀረው ቦታ ጥግ ነው። ጥግ ላይ የቆመ ፍሪጅ በግድግዳው በኩል ያለው በር ዘጠና ዲግሪ ላይ ሲደርስ ውፍረቱና እጀታው ግድግዳውን ይነካል። በሩ ከዘጠና ዲግሪ አልፎ ካልተከፈተ ደግሞ ውስጥ ያለው የአትክልት መሳቢያ በሩን እየገጨ አይወጣም። ስለዚህ በግድግዳው በኩል እንደ ሞዴሉ ከ6 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ባዶ መተው ግድ ይላል። አብዛኛው ገዢ የማያውቀው ሌላም ነገር በሁለቱ በሮች መካከል አለ፤ ክፍተቱን የሚዘጋው ቀጭን ታጣፊ ቋሚ በአንደኛው በር ላይ ተሰክቶ ከበሩ ጋር ይሄዳል። በሩ በጠባብ ቦታ ሳይስተካከል ተገፍቶ ሲዘጋ ይህ ቋሚ ይጋጫል፣ በሩም ገርበብ ብሎ ይቀራል፤ በማግሥቱ ውስጡ ውኃ አዝሎ ይገኛል። ማሽኑ ሙቀቱን የሚያስወጣበት ቦታም ያስፈልገዋል። አምራቾች የሚያዙት ልክ ቢለያይም ከጀርባና ከላይ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ የጎን ግድግዳቸው ለሚሞቀው ደግሞ በየጎኑ ከዚያ የበለጠ ነው። ፍሪጁ ላይ ዳንቴል አልብሶ፣ ዳቦና ብሌንደር ደርድሮ፣ ጎኑን በካቢኔት ማፈን ማሽኑ ሳያርፍ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ሶኬቱ ከጀርባ ከሆነም የሶኬቱ መሰኪያ ብቻውን ፍሪጁን ከግድግዳ 4 እና 5 ሴንቲ ሜትር ያርቀዋል። እንግዲህ ጥግ ላይ ለሚቆም ባለ91 ሴንቲ ሜትር ፍሪጅ የሚያስፈልገው ወርድ አንድ ሜትር ያልፋል። ሦስት ሜትር ርዝመት ባለው ኩሽና ውስጥ ይህ የግድግዳው ሲሶ ነው፤ የጠፋው ሲሶ ደግሞ ሽንኩርት የሚከተፍበት ካውንተር ነው።

ቤት ውስጥ መግባቱ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። እንዲህ ያለ ፍሪጅ ከ110 እስከ 160 ኪሎ ይመዝናል። የመጀመሪያዎቹ ኮንደሚኒየም ብሎኮች ባለአራት ፎቅ ሆነው ሊፍት የላቸውም። የኩሽና በር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመኝታ ቤት በር የጠበበ ነው። በሮቹንና መሳቢያውን ፈትቶ ሳጥኑን ብቻ በጥልቀቱ በኩል ማስገባት ይቻላል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከተገኘ። ማጋደሉ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቁመቱ 178፣ የሳጥኑ ጥልቀት 74 የሆነ ፍሪጅ ተጋድሞ ገብቶ ቀጥ ለማለት በሰያፍ 193 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይጠይቃል። ጣሪያው ይበቃዋል፤ ላይ የተሰቀለው ካቢኔት ወይም የደረጃው መታጠፊያ ግን ላይበቃው ይችላል። ተጋድሞ የመጣ ፍሪጅ ወዲያው መሰካትም የለበትም፤ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቦታው እስኪመለስ ለሰዓታት፣ ረጅም መንገድ ተጋድሞ ከመጣ እስከ ማግሥቱ ድረስ ቆሞ መቆየት አለበት።

‹‹ታዲያ ኩሽና ውስጥ ካልገባ ሳሎን ይቁም›› የሚለው መልስ በእኛ ቤት የታወቀ ነው፤ በቀላሉ የሚጣልም አይደለም። ሳሎን ከኩሽና ይሰፋል፣ አየሩ ይሻላል፣ ከምጣዱና ከምድጃው ሙቀት ይርቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል አካባቢ ስለሚስብ ፍሪጁን በአንድ መስመር ከምጣዱ ጋር አለመሰካት ለኮምፕረሰሩ ጤና ነው፤ ሳሎን የቆመው ብዙ ጊዜ ይህን ያገኛል። ሆኖም ሳሎን የሚያቆም ሰው አውቆ ይግዛ እንጂ ኩሽና አልገባ ሲለው ተገድዶ አያቁመው። ለሳሎን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የድምፁን መጠን ያያል፤ ከ40 ዴሲቤል በታች የሆነውን ይመርጣል። ከዚያም ከኩሽናው በር እስከ ፍሪጁ ያለውን መንገድ ያያል፤ ትኩስ ባይሆንም ድስት ተይዞ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚያውቀው የሚያበስለው ሰው ነው። ሶፋውና የመሳቢያው ጉዞ የማይጋጩ ከሆነ፣ ያ ቤት ከጠባቡ ኩሽና የተሻለ ቦታ አግኝቷል። ልኩ ግን ያው ነው፤ መሳቢያው ወጥቶ ከፊቱ 60 ሴንቲ ሜትር።

ሁለተኛው ክርክር የቤተሰቡ ብዛትና በዓሉ ነው። ለፋሲካና ለገና በግ የሚያርድ፣ ዶሮውን በትልቅ ድስት የሚሠራ፣ ቅቤውን ለዓመት የሚያስቀምጥ ቤት ሰፊ ፍሪጅ ያስፈልገዋል ይባላል። በዓሉ እውነት ነው፤ ዓመቱ ግን በበዓል ብቻ አይሞላም። ጾም በሚጾም ቤት ውስጥ ረቡዕና ዓርብ ሳይቆጠሩ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ የገና ጾም ከ40 ቀን ያልፋል፤ ፍልሰታ 15 ቀን ነው። በእነዚህ ወራት የሥጋው ክፍል ባዶውን ይቀዘቅዛል። ጎመኑ፣ ቲማቲሙና ቃሪያው ደግሞ ከጉልት በየሁለትና ሦስት ቀኑ ይገዛል። በዓመት ጥቂት ሳምንታት ለሚመጣ ሥጋ ብሎ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሜትር ካውንተር መስጠት ውድ ክፍያ ነው። ብዙ ሥጋ የሚያከማች ቤት መካከለኛ ፍሪጅና ለብቻው የሚቆም፣ ከላይ የሚከፈት ፍሪዘር ቢይዝ ይሻለዋል፤ ፍሪዘሩ ኩሽና ውስጥ መቆም የለበትም፣ በጾሙ ወራትም ይነቀላል። ሰፊ መደርደሪያ ስላለው እንጀራ ከነመሶቡ ይገባል የሚለውም ተስፋ ልክ ይፈልጋል። የ91 ሴንቲ ሜትሩ ፍሪጅ የውስጥ ወርድ 80 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ የመደርደሪያው ጥልቀት ግን ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋው እንጀራችን ተዘርግቶ አይቀመጥበትም። ወርዱ የሰጠውን ጥልቀቱ ይከለክላል፤ እንጀራው ታጥፎ መግባቱ አይቀርም። ለዚያ ደግሞ አነስ ያለውም ፍሪጅ ይበቃል።

ሦስተኛው ክርክር የመብራት መጥፋት ነው። አንድ በር ብቻ ሲከፈት ግማሹ ቅዝቃዜ ብቻ ይወጣል፣ ትልቅ ፍሪጅም መብራት ሲሄድ ረጅም ጊዜ ይቆያል ይባላል። የመጀመሪያው እውነት ነው፣ ግን ትንሽ እውነት ነው። አየር ቀላል ነገር ነው፤ በ500 ሊትር ፍሪጅ ውስጥ ያለው አየር በሙሉ ቢወጣ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ በታች ነው፣ ተመልሶ ለመቀዝቀዝም ብዙ አይፈጅም። ሳይበርድ የገባ አንድ ትልቅ ድስት ወጥ በሩን ብዙ ጊዜ ከመክፈት የበለጠ ፍሪጁን ያሞቀዋል። ሁለተኛው ደግሞ የሚወሰነው በማሽኑ ትልቅነት ሳይሆን በውስጡ ባለው ነገር ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለቤተሰቦች በሚሰጠው ምክር መሠረት መብራት ሲጠፋ ያልተከፈተ ፍሪጅ ምግቡን በደኅና የሚያቆየው ለ4 ሰዓት ያህል ነው፤ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ ሞልቶ የሚውል ትንሽ ፍሪዘር ግማሹ ባዶ ከሆነ ትልቅ ፍሪዘር ይልቅ የቤተሰቡን ሥጋ ያድናል።

በር ላይ ውኃና በረዶ የሚቀዳበትን ዓይነት በፍጥነት ልለፈው፤ ለብዙው የአዲስ አበባ ቤት አይመከርም። ከቧንቧ ጋር የሚገናኘው መሣሪያ ቢያንስ 1.4 ባር ግፊት ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ከዚያ ይበልጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቤቱ የሚጠቀመው ከሮቶ ነው። የሮቶ ውኃ አንድ ባር ግፊት እንዲኖረው ሮቶው 10 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ ከጣሪያው በታች ላለው ለላይኛው ፎቅ ነዋሪ ይህ የማይታሰብ ነው። ፓምፕ ካልተጨመረ በስተቀር መሣሪያው ደረቅ ሆኖ ይቀራል፣ የያዘውን የመደርደሪያ ቦታ ግን አይመልስም። ከአሜሪካ በኮንቴይነር የሚላከው ፍሪጅ ችግር ደግሞ ከቦታም ያለፈ ነው። እዚያ ያለው ኃይል 120 ቮልትና 60 ኸርዝ፣ እዚህ ያለው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል፤ ኸርዙን ግን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ተራ ኮምፕረሰር በ50 ሲሠራ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይሞቃልም። ሲበላሽ ደግሞ ቦርዱም መለዋወጫውም እዚህ አይገኝም። ዘመዱን የሚወድ ሰው ዕቃውን ከሚልክ ገንዘቡን ቢልክ ይበጃል። ቆላ ለሚኖር፣ በድሬዳዋም ሆነ በሰመራ፣ ቦታው ከመለካቱ በፊት ማሽኑ እስከ 43 ዲግሪ ሙቀት ለመሥራት የተመደበ መሆኑን መለያው ላይ ማየት ይቀድማል።

በአዲስ አበባ የተከራይ ቁጥር ብዙ ነው፤ ስለ ፍሪጅ ሲወራ ግን ሁልጊዜ ስለ ባለቤት ነው የሚወራው። ተከራይ ቤት ሲቀይር ፍሪጁ አብሮት ይሄዳል። ዛሬ ባለበት ቤት በትክክል የገባው የ91 ሴንቲ ሜትር ፍሪጅ በሚቀጥለው ቤት በር ላይ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ወይ ቤቱ ይቀራል ወይ ፍሪጁ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደወጣ ሁሉም ያውቃል፤ እንዲህ ያለ ስህተት በቀላሉ የሚታረምበት ጊዜ አይደለም። ለተከራይ የምመክረው ወርዱ ከ70 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ በሩ ከግራም ከቀኝም እንዲከፈት ሊገለበጥ የሚችል ባለአንድ በር ፍሪጅ ነው። ፍሬንች ዶር በር አይገለበጥም፤ ያለው ሁለቱም ወገን ነውና በሁለቱም ወገን ቦታ ይፈልጋል።

የራሱ ቤት ላለውና የፍሬንች ዶሩን ጥቅም ለሚፈልግ ቤተሰብ መንገዱ አልተዘጋም። ለአውሮፓና ለእስያ ገበያ ተብለው በ220 ቮልት የሚሠሩ፣ ወርዳቸው 83 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆኑ፣ ከታች በአንድ ትልቅ መሳቢያ ፈንታ ሁለት ትንንሽ በሮች ያሏቸው ባለአራት በር ፍሪጆች በገበያው አሉ። ጥልቀታቸው ብዙ ጊዜ ከ65 እስከ 73 ሴንቲ ሜትር፣ ይዘታቸው ከ450 እስከ 550 ሊትር ነው። በእኔ ዳኝነት ለአዲስ አበባ ኩሽና ከፍሬንች ዶር ዝርያዎች ሁሉ የሚስማማው ይህ ነው፤ መሳቢያው የሚፈጥረውን ችግር በትንሽ በር ይቀንሰዋል፣ የላይኛውን ሰፊ መደርደሪያ ግን አይነካውም። የታችኛው ክፍል ለሁለት መከፈሉ ትልቅ የሥጋ ሳህን አያስገባም ለሚል፣ ሥጋው በየኪሎው ተቆራርጦ በላስቲክ ቢገባ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ሲፈለግም በልኩ ይወጣል።

ቤት የሚሠሩ አልሚዎችና አርክቴክቶች ደግሞ የሚጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ የኩሽናው ፕላን ላይ የፍሪጁን ቦታ ከነበሩና ከነመሳቢያው ጉዞ ይሳሉት፣ ሶኬቱንም ከፍሪጁ ጀርባ አውጥተው ወደ ጎን ያድርጉት። ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት ይህ ምንም ወጪ የለውም። ሻጮችም በወረቀታቸው ላይ ከሊትሩ ጎን በሩ ሲከፈትና መሳቢያው ሲሳብ ያለውን ጥልቀት ይጻፉ፤ አምራቹ በመመሪያው ላይ አስፍሮታል። እስከዚያው ግን ገዢው ራሱ ይሥራው። የፍሪጁን ልክ በኩሽናው ወለል ላይ በፕላስተር ያስምሩ፤ ከፊቱ የመሳቢያውን መጨረሻ ያስምሩ፤ ከዚያ በቤቱ ውስጥ የሚያበስለው ሰው እዚያ ቆሞ ያጎንብስ። ጀርባው ግድግዳ ከነካ ያንን ፍሪጅ አይግዙ።